በድርቅ ጊዜ መኪና ማጠብ፦ ግማሽ ጀሪካን ይበቃል

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ የምኖረው ሐረር ነው። ነጭ ኮሮላ አለችኝ። ሐረር–ድሬዳዋ በኮንትራት እየተመላለስኩ ነው ቤቴን የማስተዳድረው። ዘንድሮ ዝናቡ ቀረ። የቧንቧ ውሃ በሁለት ሳምንት አንዴ ብቅ ካለ ጥሩ ነው፤ የቀረውን በጀሪካን እንገዛለን። መኪና ሳጥብ ባለቤቴ ትቆጣለች፣ ጎረቤትም ያጉረመርማል። እውነት አላቸው። ደንበኛ ግን አቧራ የለበሰ መኪና ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ሁለት ወር ሳላጥባት ብቆይ ቀለሟ ይበላሻል ወይ? ካጠብኩስ በስንት ሊትር ይበቃኛል?»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሁለት ወር ባታጥባት ቀለሟ አይበላሽም። ሦስት አራት ነገር ብቻ ቶሎ መነሳት አለበት፤ እሱን እነግርሃለሁ። ልጠባት ካልክ ደግሞ 10 ሊትር ይበቃሃል። ግማሽ ጀሪካን ማለት ነው። ድሬዳዋ ውስጥ 19 ዓመት ላሜራና ቀለም ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ አንዲት ትንሽ ላቫጆ አለችኝ። በጀሪካን ለክቼ ነው የምነግርህ።

መጀመሪያ ውሃው የት እንደሚገባ እንይ። ውሃ በሚመጣበት ቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የውሃው ጎማ ስር አድርግና ስልክህ ላይ ሰዓት ያዝ። ግፊቱ ጥሩ ከሆነ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጅበት። አሁን አንድ ሰው መኪና ሲያጥብ አስብ። ጎማውን መሬት ላይ ይጥላል፣ ስፖንጁን ያነሳል፣ ያሻል፣ ከሚያልፈው ሰው ጋር ሰላም ይባባላል፣ እንደገና ያሻል። 20 ደቂቃ እንዲህ ከቆየ 400 ሊትር ፈሰሰ። 20 ጀሪካን! ከዚያ ውስጥ መኪናዋን የነካው ጥቂቱ ነው። ሌላው ኮብልስቶኑን አጥቦ ቦይ ገባ። ጎረቤትህ የሚያጉረመርመው መኪናህ ስለጸዳች አይመስለኝም። በሩ ላይ ያለፈው ጅረት ነው ያበሸቀው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በነፍስ ወከፍ 20 ሊትር ቢጠቀም በቀን 100 ነው። አንተ በ20 ደቂቃ የአራት ቀኑን አፈሰስክበት።

ድርቅ የመታቸው ሌሎች አገሮችም በዚህ ነገር ተጨቃጭቀዋል። ካሊፎርኒያ በፈረንጆቹ 2014 ያወጣችው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ መኪና ማጠብን አልከለከለም። የከለከለው ጫፉ ላይ መዝጊያ በሌለው ጎማ ማጠብን ነው፤ ቅጣቱ በቀን እስከ 500 ዶላር ይደርስ ነበር። ኬፕታውን ግን በ2018 ነገሩ ሲብስባት ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር መደበች፤ በከተማው የቧንቧ ውሃ መኪና ማጠብንም ጭራሽ አገደች። ያለ ውሃ ወይም ለመጠጥ በማይሆን ውሃ ማጽዳት ግን ይቻል ነበር። ይህን የምነግርህ እንድትመርጥ ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ ውሃ የሚመጣለት ሰው ያለው ኬፕታውን ነው እንጂ ካሊፎርኒያ አይደለም። ስለዚህ «ጎማ ላይ መዝጊያ ልግጠም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለአንተ የለም። ጎማውን ጠቅልለህ አስቀምጠው።

የሐረር ውሃ ደግሞ ከሌላው ይለያል። ሐረማያን ታስታውሳለህ፤ ባታስታውስ አባትህን ጠይቅ። ያ ሁሉ ሐይቅ በ1997 ዓ.ም. ገደማ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ታየ። ለከተማ ይሳባል፣ ለጫትና ለአትክልት ይሳባል፣ ከተራራው የሚወርደው ደለል ይሞላዋል፤ አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ሐረር ከታች ድሬዳዋ በኩል ከተቆፈሩ ጉድጓዶችም ውሃ ታገኛለች። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። አንተ የደንገጎን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትክ የምትወጣውን ከፍታ ያ ውሃም በፓምፕ ተገፍቶ ነው የሚወጣው። መብራት ሲጠፋ ውሃም አብሮ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ሐይቁ በቅርብ ዓመታት ተመልሶ ውሃ መያዙ ደስ ይላል። ግን «ሐይቅ ዳር ወርጄ ልጠባት» እንዳትል። ከሥሯ የሚታጠበው ዘይትና ግራሶ ሰውም ከብትም የሚጠጣው ውሃ ውስጥ ነው የሚገባው። ወንዝም ያው ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ። ሰው የማያምነኝ እዚህ ጋ ነው። ደረቅ አቧራ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ቀለም አይጎዳም። ላሜራ የሚበላው ዝገት ነው፤ ዝገት ደግሞ እርጥበት ይፈልጋል። ለላሜራ ብቻ ካሰብን ድርቅ ጥሩ ወቅት ነው፤ አስቀያሚ ንግግር መሰለ እንጂ እውነቱ ይኸው ነው። ሐረርን ያስዋቡትን እነዚያን ፔጆ 404 ታክሲዎች አስባቸው። ፈረንሳይ ውስጥ ምርታቸው በ1975 ቆሟል፤ እነሱ ግን ስንት አሥርት ዓመት ሮጡ። በየቀኑ በጎማ ስለታጠቡ አይደለም። ደረቅ አገር መኖራቸውም ረድቷቸዋል።

ቀለም የሚጎዳው አቧራው ሲታሽ ነው። አቧራ ውስጥ አሸዋ አለ፤ የአሸዋው ዋና ነገር ኳርትዝ ነው፤ መስታወት ይቧጭራል። ከቀለሙ በላይ ያለው ስስ መስታወት መሳይ ሽፋን ከዚያ በጣም የለሰለሰ ነው። በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ስታደርጋት ያው በብርጭቆ ወረቀት እንደ ማሸት ነው፤ በስሱ። ዛሬ አይታይህም። ከስድስት ወር በኋላ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ኮፈኑ ላይ ስታርፍ የሸረሪት ድር የመሰለ ክብ ክብ ጭረት ታያለህ።

እኔም ሠርቼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ነጋዴ ጥቁር መኪና ነበረች፤ ጥቁር ደግሞ ምሕረት የለውም። ውሃ አልነበረም። በረኛው አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ጨርቅ ይዞ አራት መኪና የጠረገበትን ባልዲ አቀበለኝ። ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ጭቃ ተቀምጧል። አላየሁም፤ ወይም እንዳላየሁ ሆንኩ። ነክሬ ጠረግኩ። በማግስቱ ሰውዬው መጥቶ ምንም ሳይናገር ኮፈኑን በጣቱ አሳየኝ። ፖሊሽ ለማድረግ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ገንዘቡም ከኪሴ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሕግ አለኝ፦ የቆሸሸ ጨርቅ ወደ ንጹሕ ውሃ አይመለስም። 10 ሊትሯ የምትበቃውም በዚች ሕግ ነው።

አሠራሩን ልንገርህ። መጀመሪያ ጎሚስታ ጋ ጎራ በል። ጎማ ስታስነፋ ልጁን ሻይ ጋብዘውና የኮምፕሬሰሩን አየር አበድረኝ በለው። ከላይ ወደ ታች ንፋባት፦ ጣሪያ፣ የመስታወት ጥግ፣ የበር ክፍተት፣ ግሪል፣ ቸርኬ። ቱቦውን አንድ ክንድ ያህል አርቀህ ያዝ፤ ተጠግተህ ከነፋህ አሸዋውን ቀለሙ ላይ ትረጨዋለህ። አፍህንና ዓይንህን ሸፍን። ያለ አንድ ጠብታ ውሃ የላላው አቧራ አብዛኛው ይሄዳል። ለአንተ ሥራ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። ውስጧንም፣ ምንጣፉንም፣ የወንበር ሥሩንም በዚያው ንፋው።

ከዚያ ቤት ወስደህ ጥላ ውስጥ አቁማት። ጠዋት ይሻላል። ከደንገጎ እንደመጣህ እንዳትነካት፤ ፍሬኑ የጋለ ነው፤ የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፋህ ሊጣመም ይችላል። ላሜራውም ከጋለ ውሃው ሳትጠርገው ይደርቅና ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል።

10 ሊትሯን እንዲህ ትከፍላታለህ። አንድ ሊትር ተኩል የመርጫ ጠርሙስ ውስጥ፤ የፀጉር ቤት ዓይነቱ ይሆናል። አምስት ሊትር ባልዲ ውስጥ። ሦስት ሊትር ተኩሉ ለብቻው ይቀመጥ፤ እሱ ለመጨረሻው ነው። ጠርሙሱና ባልዲው ውስጥ የመኪና ሻምፖ ጠብ አድርግ። አረፋ እንዲበዛ አትፈልግም፤ አረፋ በበዛ ቁጥር ማለቅለቂያ ውሃ ይበዛል። ኦሞ አትጠቀም። ኦሞ ሰሙን ከቀለሙ ላይ ይገፈዋል፤ ቶሎም አይለቅም። ሳይለቀለቅ የሚጠረግ ሻምፖ የሚባል አለ፤ አንድ ሁለት ክዳን ለአንድ ባልዲ ይበቃል፣ ማለቅለቅ አያስፈልገውም። ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካለህ እሱን አስልክ። ድሬ ያለውን ታይዋን ገበያም ጠይቅ፤ ታይዋን የማይገኝ ነገር የለም ይባል የለ?

ጨርቅ ስምንት ያስፈልግሃል። ማይክሮፋይበር ከሆነ በጣም ጥሩ፤ ከሌለህ ስፌቱ የወጣለት የጥጥ ካናቴራ ይሠራል። ስምንቱንም ባልዲው ውስጥ አስገብተህ ጨመቅ ጨመቅ አድርግ፤ እርጥብ ይሁን እንጂ አይንጠብጠብ። አንዱን አራት እጥፍ አድርገህ ስታጥፈው ስምንት ንጹሕ ፊት ይኖረዋል። አሁን ጣሪያውን በጠርሙሱ ረጭተህ ሁለት ደቂቃ ጠብቅ። አቧራው ውሃ ይጠጣና ይላላል። ከዚያ ጨርቁን ሳትጫነው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳበው፤ ከፊት ወደ ኋላ። ማዞር የለም። አንድ ጊዜ ሳብክ፣ ፊቱን ገለበጥክ፣ በንጹሑ ፊት ቀጥለህ ሳብክ። ስምንቱ ፊት ሲያልቅ ጨርቁን ወደ ባልዲው አትመልሰው። መሬት ላይ፣ ላስቲክ ላይ ወርውረውና ሌላ አንሳ። አንድ ጨርቅ ጣሪያውን፣ አንድ ኮፈኑን፣ በየጎኑ አንድ አንድ፣ አንድ ለኋላው። የበሮቹ ታችና ባምፐሩ የመጨረሻ ናቸው፤ ብዙ አሸዋ ያለው እዚያ ነው። በመጨረሻ በተለየው ንጹሕ ውሃ አንድ ጨርቅ አርሰህ ሁሉንም ዳበስ አድርግና ከስምንቱ ውጪ በሆነ ደረቅ ጨርቅ አድርቅ። ባልዲው ውስጥ የተረፈው ውሃ ለቸርኬና ለፓራፋንጎ ይሆናል። ለእነሱ ግን የራሳቸው ጨርቅ ይኑራቸው፤ የፍሬን ዱቄት የነካው ጨርቅ ወደ ቀለም አይመለስም። መጀመሪያ 40 ደቂቃ ይወስድብሃል። ሦስተኛው ላይ 25።

ይህ ግን አቧራ ለለበሰች መኪና ነው። ጭቃ ከተጋገረባት ጨርቅ አይሆንም፤ መጀመሪያ በውሃ መርገፍ አለበት። በድርቅ ግን ጭቃ ከየት ይመጣል? ከመጣም ደስ ብሎን እናጥባታለን።

«ማድረቅ» ያልኩትን አቅልለህ አትይ። የእኛ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ድንጋይ ያዘለ ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቀዋለህ። ያው ነገር መኪናህ ላይ ሲደርቅ ነጭ ክብ ይሆንና በሻምፖ አይለቅም። ከያዘ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለህ፣ ላሜራው ሲቀዘቅዝ በጨርቅ አንድ ሁለት ደቂቃ አኑርበትና በንጹሕ ውሃ ጥረገው። ራዲያተር ውስጥም የጉድጓድ ውሃ አትጨምር፤ ያው ድንጋይ ውስጡ ይጋገራል። ኩላንት ግዛ። እኔ ለመጨረሻው ዳበሳ የምጠቀመው ከቢሮዬ ኤሲ ቱቦ የሚንጠባጠበውን ነው። ድሬ ሞቃት ስለሆነ ኤሲው ሲሠራ ይውላል፤ ከሥሩ አንድ ጀሪካን አስቀምጫለሁ። ከአየር የወጣ ውሃ ስለሆነ ድንጋይ የለበትም፣ ነጠብጣብ አይተውም። ሐረር ኤሲ ብዙ አያስፈልግም፤ ድሬ የምታደርሳቸው ደንበኞችህ ቢሮ ግን ይንጠባጠባል። ጥበቃውን ጠይቀው፣ ደስ ብሎት ይሰጥሃል።

ቶሎ መነሳት አለባቸው ያልኳቸው እነዚህ ናቸው። የወፍ ኩስ አንደኛ ነው። አሲድነት አለው፤ በድሬ ፀሐይ አንድ ሁለት ቀን ካደረ ቀለሙን በልቶ ምልክት ይተዋል። እርጥብ ጨርቅ አምስት ደቂቃ ከደነው፣ ሲላላ አንሳው፤ አትፈትገው። የዛፍ ሙጫም እንደዚያው፤ ጥላ ፍለጋ ዛፍ ሥር ስታቆም ቀና ብለህ እይ። መንገድ ላይ የሚመታህ ነፍሳትም ባምፐሩ ላይ ሲደርቅ ይጣበቃል። ነዳጅ ሲሞላ ክዳኑ ዙሪያ የፈሰሰ ካለ ያኔውኑ ጥረገው። ለእነዚህ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃል።

በየቀኑ ደግሞ ግማሽ ሊትር ያዝ። እሱ ለደኅንነት ነው፤ በድርቅም አይቀርም። የፊት መስታወት፣ ስፖኪዮ፣ መብራቶች፣ ታርጋ። ደንገጎ ላይ ከፊትህ አይሱዙ ረጅም መብራት ሲያበራብህ አቧራ የያዘ መስታወት ጭራሽ ያሳውርሃል። የዝናብ መጥረጊያውን በደረቅ አቧራ ላይ አታስነሳው፤ መስታወቱን ይጭረዋል። የመጥረጊያውን ጎማ አንስተህ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ከዚያ የበር እጀታዎቹን። ደንበኛ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው። ልብ ካልከው ደንበኛ ጣሪያ አያይም። እጀታ ይነካል፣ ወንበር ያያል፣ ያሸታል፣ በመስኮት ያያል። ውስጧ ከጸዳ ውጪዋ ትንሽ አቧራ ቢኖራት በድርቅ ዓመት ማንም አይፈርድብህም። ደግሞ ነጭ ናት፤ አቧራ ትደብቃለች። እድለኛ ነህ።

ሞተር አታሳጥብ። ዘንድሮ ብቻ ሳይሆን በደህናውም ጊዜ ያለ ምክንያት አታሳጥብ። ውሃ የኤሌክትሪክ ግንኙነት ውስጥ ገብቶ መኪናዋ አልነሳ ስትል ተጎትታ እኛ ጋ ትመጣለች። በናፍጣ ማጠብ ደግሞ እሳት ከመጥራት አይተናነስም። በብሩሽና በጎሚስታው አየር ይበቃል። አየሩ እጅህ ላይ እያለ ፊልትሮውንና ራዲያተሩን አትርሳ፤ ራዲያተሩን ከሞተር በኩል ወደ ውጭ ንፋው። አቧራ የደፈነው ራዲያተር ዳገት ላይ ያፈላል።

ላቫጆስ? እኔም የምኖረው በእሱ ነው፤ ስለዚህ ልታምነኝም ላታምነኝም ትችላለህ። ጥሩ ፓምፕ በደቂቃ ከ10 ሊትር ብዙም አይርቅም፤ ጠመንጃው ሲለቀቅ ይዘጋል። ክፍት ጎማ ካለው ቤት ይሻላል፤ ከባልዲህ ግን አይሻልም። ከመግባትህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ። ውሃው ከየት ነው? በቦቴ ከሆነ፣ ያ ቦቴ ሰፈር ውስጥ ጀሪካን ለተሰለፉ እናቶች ሊሄድ ይችል ነበር፤ እለፈው። ያጠበበት ውሃስ የት ይሄዳል? ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ አሸዋው ከታች፣ ዘይቱ ከላይ ተለይቶ፣ መሐሉ ለሥርና ለጎማ ማጠቢያ የሚመለስበት ቤት ካገኘህ ደንበኛው ሁን። እኔ ዘንድሮ ፓምፑን ለጭቃና ለከባድ መኪና ብቻ ነው የማስነሳው። የቤት መኪና በግማሽ ጀሪካንና በስምንት ጨርቅ ይጠረጋል፤ ዋጋው ያው ነው። አንዳንዱ «ውሃ ሳታፈሱ እንዴት እኩል ታስከፍላላችሁ?» ይላል። ልጆቹ የሚደክሙት እኮ የበለጠ ነው! አንተም ለሰፈርህ ልጆች አሠራሩን ብታሳያቸውና ሙሉ ዋጋ ብትከፍላቸው ሥራቸው አይቋረጥም።

የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ለመኪና ይሆን እንደሆነ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ለቸርኬ፣ ለጎማ፣ ለላስቲክ ምንጣፍ ይሆናል። በረኪና ከነካው ግን ተወው። ቀለም ላይ አታድርገው፤ በውስጡ ያለው የሳሙና ዝቃጭ ግራጫ ቅባት ይተዋል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ቆርቆሮህን አትርሳ። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊሜትር ቢዘንብ 500 ሊትር ነው፤ ግማሹ እንኳ ቢባክን 250 ይቀርልሃል። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች አሳልፈው፣ የጣሪያውን አቧራ ይዞ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ለስላሳ ውሃ ነው፣ መኪና ይወደዋል። መጀመሪያ ግን የቤት በርሜል ይሙላ።

ስንት ጊዜ? ውጪዋን በ15 ቀን አንዴ። በወር ሁለት ጊዜ 20 ሊትር፣ የየቀኑ ግማሽ ሊትር ተደምሮ 15። 35 ሊትር ነው፤ ሁለት ጀሪካን አይሞላም። አንዴ ሰም ብትቀባት ደግሞ አቧራው እንደ ልቡ አይጣበቅም፣ ጨርቁም ይንሸራተታል፤ በዓመት ሁለቴ ይበቃል።

ለባለቤትህ ደግሞ እንዲህ አድርግ። አንድ ጀሪካን ለይና ግማሹ ላይ በቀለም መስመር አስምርበት። በወር ሁለት ቀን እስከ መስመሩ ብቻ ትሞላዋለች፣ እሷ ራሷ። ከመስመሩ በላይ ያለውን አንተ አትነካም። ስትጨርስ የቆሸሸውን ውሃ በር ላይ አቧራው በሚነሳበት ቦታ ድፋው እንጂ ጎመን ላይ አታድርገው፤ የፍሬን ዱቄት አለበት። ጨርቆቹን ለብቻቸው እጠባቸው። ከዚያ ከመውጣትህ በፊት ሰፈር ውስጥ ቀስ ብለህ እየነዳህ ፍሬኑን ሁለት ሦስቴ ያዝ ያዝ አድርገው፤ እርጥበቱ ይድረቅ። ደንገጎን መውረድ ከዚያ በኋላ ነው።